ከቅዳሴ በኋላ የሚዋጥ

«አምሳል፣ መቋሚያዬን አይተሽልኛል?»

አምሳል ሥራ ልትገባ ነጠላዋን እያጣፋች ነበር። መቋሚያው የት እንዳለ አሳምራ ታውቃለች፤ ትናንት አባቷ ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የሸጎጠችው ራሷ ናት።

«ምን ያደርግልዎታል አባዬ? የትም አይሄዱ።»

«መሄድ መቼ አነሣሁ? መቋሚያዬን ነው ያልሁ።»

«ለተቀመጠ ሰው መቋሚያ ምን ይሠራል?»

አያ አላምረው መዳፋቸውን ገልብጠው አዩ። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቢቀረውም የጎንደር ክረምት ገና አልለቀቀም፤ ከቆርቆሮው ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠባል።

«እጄ ባዶ ሆነብኝ» አሉ በመጨረሻ።

አምሳል እጃቸውን አየች። ዕድሜ ልኩን ሞፈር የጨበጠ እጅ ነው፤ አሁን ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቶ ሲታይ የሌላ ሰው ይመስላል። ልቧ ሊራራ ሲል ያ የወደቁበት ቀን ትዝ አላትና ቦርሳዋን አነሣች።

«ኪኒኑን ውጠዋል አይደል?»

«ፊቴ ቆመሽ ነው ያስዋጥሽኝ። አፌንም አስከፍተሽ አይተሻል።»

«እንግዲህ ምሳዎን እትዬ ሽታዬ ከጎረቤት መጥታ ታቀርብልዎታለች። በሩን እዘጋዋለሁ፣ ብርድ ይገባል።»

«በሩ ከተዘጋ የሩፋኤል ደወል አይሰማኝም።»

አምሳል እንዳልሰማ ሰው በሩን ስባ ዘጋችው።

አያ አላምረው ኮሶዬ ላይ ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። በበጋው እግራቸው እንደ ጉቶ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ተቀምጠው እያደሩ መሆኑን ስትሰማ አምሳል ባሏን ክንዱን ለምና በካሚዮኑ አስመጣቻቸው። ክንዱ ከጎንደር ዛሪማ እቃ የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ሆስፒታል ያየው ሐኪም ልባቸው ደክሟል አለ። በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘ፣ ጨው ከለከለ፣ «ዕረፍት ያድርጉ» አለ። ኪኒኑ ሠራ። እግራቸው ጎደለ፣ ወገባቸው ቀና። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ኮሶዬ ላይ ብቻቸውን ነበሩና ወደዚያ መመለሱ ቀርቶ ከልጃቸው ጋር ተቀመጡ። ግንቦት ሲገባ ጠዋት ጠዋት ዳገቷን ቀስ እያሉ ወጥተው ሩፋኤል ማስቀደስ ጀመሩ። እዚያም እነአያ ሰጠኝን ተዋወቁ፤ ሰንበቴ ገቡ፤ ከቅዳሴ ሲመለሱ በር ላይ ድምፃቸው ቀድሟቸው ይገባ ጀመር።

አምሳል ግን አንድም ቀን ተረጋግታ አታውቅም። ቴሌፎን መሥሪያ ቤት ኦፕሬተር ናት። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫውን አድርጋ፣ ገመዱን ከቀዳዳ ቀዳዳ እየሰካች፣ አዲስ አበባን ከጎንደር፣ ጎንደርን ከአሥመራ ታገናኛለች። በዚያ ዘመን ደግሞ ሰው ቴሌፎን የሚደውለው ለደህና ነገር አልነበረም። ደህና ነገር በሰው ይላካል፣ በደብዳቤ ይጻፋል፤ በቴሌፎን የሚነገረው ሞት ነው። ደዋዩ ጉሮሮውን ሲጠርግ ብቻ ታውቀዋለች። «እገሌን እስቲ ጥሪልኝ፣ ሰው አጠገቡ ይኑር» ሲል ገመዱን የምትሰካበት ጣቷ ይቀዘቅዛል። እንዲህ ውላ ስትገባ ልጆቿ ትንሽ ቆይተው ከሆነ ማኪና ገጭቷቸዋል፤ ክንዱ ካመሸ ሊማሊሞ ላይ ተገልብጧል፤ አባቷ ካንቀላፉ እጇን አፍንጫቸው ላይ ታደርጋለች።

አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። የጤና አጠባበቅ ትምህርት ላይ በሽታ በትንፋሽ እንደሚተላለፍ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሳል እንደሚዛመት ተጽፎ ያነበበችውን አልረሳችም። ቤተ ክርስቲያን ስትል የሚታያት ይኸው ነበር፦ ቀዝቃዛ ድንጋይ፣ ባዶ እግር፣ ባዶ ሆድ፣ በየጥጉ የሚስል ሰው።

እናም በፍልሰታ ጾም የፈራችው ደረሰ። በጾሙ ቅዳሴ የሚገባው እኩለ ቀን ላይ፣ የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። አያ አላምረው ወንጌል ሲነበብ ቆመው ሳለ ጉልበታቸው ከዳቸውና ወደቁ። እነአያ ሰጠኝ በቃሬዛ ተሸክመው ሲያመጧቸው አምሳል በር ላይ አገኘቻቸው። ልብሳቸውን ስታወልቅ ከጋቢያቸው ጫፍ አንድ ቋጠሮ አገኘች። ፈታ ብታየው ኪኒኖቹ ናቸው። ጠዋት ጠዋት እጃቸው ላይ ስታስቀምጥላቸው «እሺ» ብለው ያልዋጡት፣ ከቅዳሴ በፊት በአፋቸው ምንም እንዳይገባ ያኖሩት ነው። ከቅዳሴ ሲመለሱም ረስተውት ይውላሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አምሳል ፈረደች። ቤተ ክርስቲያን ቀረ።

አያ አላምረው አልተከራከሩም። በልጃቸው ቤት ያሉ ሰው ናቸውና የተባሉትን አደረጉ። ኪኒኑን ከቁርስ ጋር ይውጣሉ። ጨው አይቀምሱም። ብርድ አይነካቸውም። ሁሉም ነገር እንደ ታዘዘው ሆነ። እሳቸው ግን ከሳምንት ሳምንት ከሱ። እንጀራውን ቆርሰው ያንከባልሉታል እንጂ አይጎርሱትም። ቀን ያንቀላፋሉ፣ ሌሊት ዓይናቸው ይፈጣል። ከአልጋ ወደ ደጅ ሲወጡ ግድግዳ መያዝ አመጡ።

«ምን ጎደለባቸው?» ትለዋለች ክንዱን። «አሁን ነው እኮ በደንብ የያዝኋቸው።»

ክንዱ ከመንገድ ገብቶ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ነበር። «በሬ እንኳ ካልወጣ ይታመማል» አለ።

«አባቴን ከበሬ ጋር ነው የምታመሳስለው?»

«የኔ አባት ቢሆን ካህያ ጋር አመሳስለው ነበር። ተይው እንጂ ይውጡ፣ አምሳል።»

«ወጥተው ቢወድቁስ? ማን ይመልስልኛል? አንተ ዛሪማ ትሆናለህ።»

ክንዱ እግሩን ከውሃው አውጥቶ ማድረቅ ጀመረ። ዛሪማ እንደሚሆን እሱም ያውቃል። አምሳል ግን በሆዷ ያለውን ሁሉ አልነገረችውም። አባቷ ሊሞቱ ነው ብላ ቆርጣለች። የቀራት ነገር ቢኖር ቤቷ ውስጥ፣ አልጋቸው ላይ፣ እሷ እያየቻቸው እንዲሆን ማድረግ ነው ብላ ታስባለች። ለዚህ ስትል እንቅልፍ ካጣች ቆይታለች፤ ሥራ ላይ ልቧ እየደለቀ ሁለት ጊዜ ገመዱን ያለ ቦታው ሰክታ ተቆጥተዋታል።

እሑድ የጠዋት ተራዋ ነበር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሥራዋን ለጓደኛዋ አስረክባ፣ ጭቃውን እየዘለለች ወደ ቤቷ ስትመለስ ከመንደሩ መታጠፊያ ላይ ቆመች።

መምሬ ወልደኢየሱስ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። የአባቷ የነፍስ አባት ናቸው። ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመዋል፤ መስቀላቸውን ይዘዋል። ከኋላቸው አያ ሰጠኝና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አንገታቸውን አቀርቅረው ይከተላሉ። አንደኛው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ነገር በሁለት እጁ ታቅፏል። አንድም የሚነጋገር የለም። የአምሳልን አጥር በር ከፍተው ገቡ።

ነገሩ ሁሉ ፊቷ ላይ ተገለጠላት። ጠዋት ስትወጣ አባቷ «ደህና ዋይ» ሲሉ ድምፃቸው ቀዝቅዞ ነበር። መገነዣውን ነው ያመጡት። እሷ ስንት ሰው ከስንት መርዶ ጋር ስታገናኝ ለሷ የሚደውልላት ጠፋ።

ቦርሳዋን ጭቃው ላይ ጣለችው። «አባቴን» ብላ ጮኸች። «አባቴን፣ ወይኔ አባቴን፣ ብቻዎን፣ እኔ ሳልኖር» እያለች በሩጫ ወረደች።

መንደር መንደር ነውና ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። እትዬ ሽታዬ ነጠላዋን ለልቅሶ እያዘቀዘቀች ከቤቷ ስትወጣ በአንድ እጇ የወጥ ማማሰያ ይዛ ነበር። «ውይ አያ አላምረው፣ ውይ ሸጋው ሰው» እያለች ደረቷን ስትመታ ወጡ ነጠላዋ ላይ ተንጠባጠበ። ሌሎቹም ተከትለው አጥር ግቢውን ሞሉት። አምሳል በሩ ላይ ስትደርስ መቃኑን ያዘች።

በሩ ከውስጥ ተከፈተ። አያ አላምረው በቁመታቸው ቆመዋል። ጉንጫቸው በዳቦ ተወጥሯል፤ የቀረውን ቁራሽ በእጃቸው ይዘዋል። አላምጠው እስኪውጡ ሰዉ ሁሉ ዝም ብሎ ጠበቃቸው።

«ማን ሞተ?» አሉ።

እትዬ ሽታዬ ማማሰያውን ከጀርባዋ ደበቀች።

«ምነው፣ ማን ሞተ እንጂ? ከጎረቤት ነው?»

«አንቱ ነዎት እንጂ ማን ይሆናል» አለች እትዬ ሽታዬ። «ልጅዎ አርድታን መጣን።»

አያ ሰጠኝ ከውስጥ ሆነው ይህን ሲሰሙ ሳቃቸው አፈናቸው። «እንዲህስ ከሆነ» አሉ፣ «ዳቦውን መልስ፣ አላምረው። የሕያው ድርሻ ነው ይዘን የመጣን።»

«አልመልስም» አሉ አያ አላምረው። «ከሞትሁም በልቼ ነው።» ከዚያም ሳቁ። አምሳል ይህን ሳቅ ከፍልሰታ ወዲህ ሰምታው አታውቅም። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ነው የሳቁት፤ ሳል እንኳ አልተከተለውም።

ሰዉ እየሳቀም እያማረረም ተበተነ። እትዬ ሽታዬ «ነጠላዬን ታጥቢልኛለሽ፣ አልለቅሽም» ብላ ሄደች። አምሳል አፏን በነጠላዋ ሸፍና መደቡ ላይ ተቀመጠች። አፍራለች፤ ግን ዓይኗን ከአባቷ ላይ ማንሣት አልቻለችም። ዳቦውን እየበሉ ነው። በራሳቸው እጅ፣ ማንም ሳይለምናቸው። ከበሩ ወደ አልጋቸው የተመለሱትም ግድግዳ ሳይዙ ነው።

የሰንበቴው ልማድ እንዲህ ነበር፦ በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው አብሮ ሲቀመጥ የቀረውም ሰው ድርሻ ይቆረሳል። የታመመ እንደሆነ ይወሰድለታል።

«ባለፉት ሰንበቶች ድርሻህን እኔ በላሁልህ» አሉ አያ ሰጠኝ ጠላቸውን እየጨለጡ። «ይመጣል እያልሁ። ዛሬ ግን መምሬ ተቆጡኝ።»

«ሆድህን አየሁት፣ የኔ ድርሻ እዚያ ነው ያለ» አሉ አያ አላምረው።

«ያለ አንተ ደግሞ ያ ከአርማጭሆ የመጣው ሰውዬ ማንም ሳይመልስለት ስለ ሰሊጡ ሲያወራ ይውላል። ወይ ና ወይ እሱንም ቤትህ እናመጣዋለን።»

«ኧረ በሩፋኤል። አያምጣብኝ።»

መምሬ ወልደኢየሱስ አምሳልን በዓይናቸው ጠርተው ወደ ደጅ ወጡ።

«ምነው ልጄ፣ አስቀረሽብን?» አሉ።

አምሳል ያጠራቀመችውን ሁሉ ዘረገፈችው። ኪኒኑ በየቀኑ መዋጥ እንዳለበት፣ አባቷ ከቅዳሴ በፊት አልውጥም ብለው በጋቢያቸው ጫፍ እንደ ቋጠሩት፣ እንደ ወደቁ፣ ሌላ ጊዜ ቢወድቁ እንደማይነሡ። «ሐኪሙ ዕረፍት አለ፣ መምሬ። እኔ ምን ላድርግ? ወይ መድኃኒቱ ወይ ቅዳሴው ነው።»

መምሬ መስቀላቸውን በጣታቸው እያሻሹ አዳመጧት።

«እኔን ጠየቅሽኝ?» አሉ።

«ምኑን?»

«ኪኒኑ ከቅዳሴ በኋላ ቢሆን፣ በጾም ደግሞ የታመመ ሰው ምን ያድርግ ብለሽ።»

«አልጠየቅሁም» አለች አምሳል።

«ሐኪሙንስ? አባቴ አስቀዳሽ ነው ብለሽ ነገርሽው?»

ያንንም አልነገረችም። ሐኪም ፊት ስለ ቅዳሴ ማውራት ያልተማረች ሴት ያስመስለኛል ብላ ነበር። ቄስ ፊት ስለ ኪኒን ማውራት ደግሞ ሃይማኖት የጎደላት ያስመስለኛል ብላ። ሁለቱን በየፊናቸው ፈርታ፣ ሁለቱንም ሳትጠይቅ፣ በአባቷ ላይ በራሷ ፈርዳባቸዋለች።

«ለሕሙም ሥርዓቱ ይላላል» አሉ መምሬ። «እሳቸው እንደ ጎልማሳ ልጹም አሉ፤ እኔም መታመማቸውን እንጂ ኪኒን መኖሩን አላወቅሁም። አሁን ሐኪሙን ጠይቂና የሚለውን ንገሪኝ። የሱን እሱ ይበል፣ የኔን እኔ እላለሁ።»

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅዳ አባቷን ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኑ ከእንቅልፍ ማነስ የቀላ። ደረታቸውን አዳመጠ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ተጫነ፣ ሚዛን ላይ አቆማቸው። ሚዛኑን አይቶ ግንባሩን አኮማተረ።

«እብጠት የለም። ልብዎም ከበጋው ይሻላል። ግን በጣም ከስተዋል። የጭንዎ ሥጋ የት ሄደ? ቀን ምን ሲሠሩ ይውላሉ?»

«እቀመጣለሁ» አሉ አያ አላምረው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እተኛለሁ።»

«በሰኔ ለክትትል ሲመጡ እኮ እንዲህ አልነበሩም። ያን ጊዜ ምን ይሠሩ ነበር?»

አያ አላምረው ወደ ልጃቸው አዩ። አምሳል ጉሮሮዋን ጠረገች፤ የደዋዮቿን ይመስል ነበር።

«ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር» አለች። «እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው። ዕረፍት ያድርጉ ስላሉ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። ሐኪሙ ወንበሩ ላይ ተደግፎ ሰማት።

«ዕረፍት ያልኩት እርሻ ይቅር፣ እንጨት አይፍለጡ፣ ሸክም አይሸከሙ ለማለት ነው» አለ። «አልጋ ላይ ይዋሉ አላልኩም። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ልቡ ይጠነክራል። ኪኒኑም ጠዋት ካልሆነ አይሠራም የሚል የለም፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ላይ ይሁን እንጂ። ሦስት ሰዓትም ይሁን ዘጠኝ ሰዓት፣ እናንተ ምረጡና ከዚያ አትዘሉ። ረጅሙ ጾም ግን ልባቸውን ይጎዳዋል፣ እሱን ከቄሱ ጋር ተነጋገሩበት።»

«ቅዳሴው ነው ያዳናቸው ማለት ነው?» አለች አምሳል።

«እንዲህ ብዬ አልፈርምም» አለ ሐኪሙ ፈገግ ብሎ። «እኔ የማየው፣ ሲሄዱ ሥጋ ነበራቸው፣ ሲቀሩ ከሱ። ዳገቱ ይሁን፣ ሰዉ ይሁን፣ ጸሎቱ ይሁን በማዳመጫዬ አይሰማኝም።»

«እዚያ ቢወድቁስ?»

ሐኪሙ ማዳመጫውን ከአንገቱ አወረደ። «ሊወድቁ ይችላሉ» አለ። «እቤትም ሊወድቁ ይችላሉ። የሚደክማቸው ጊዜ ይቀመጡ።»

ያ ቃል አምሳልን እንደ መርዶ ሊመታት ይገባ ነበር። ግን ሌላ ነገር ተሰማት። ለሳምንታት ስትሸሸው የነበረውን ነገር አንድ ሰው ረጋ ብሎ ነግሯታል፤ ጣሪያውም አልወደቀም።

የጸናው ነገር መቀመጡ ሆነ። አያ አላምረው ሐኪሙ ፊት «እሺ» ቢሉም መንገድ ላይ እምቢ አሉ።

«ሰው ቆሞ እያስቀደሰ እኔ እንደ ሕፃን እቀመጣለሁ?»

«ካልተቀመጡ መቋሚያው አይወጣም» አለች አምሳል።

«ከየት ነው የማይወጣው?»

አምሳል አፏን ያዘች። አያ አላምረው ጥቂት እርምጃ ሄዱና «ከቁም ሳጥኑ ጀርባ መሆኑንማ አውቃለሁ» አሉ። «ጫፉ ይታየኝ ነበር። አንቺ ልታወጪው ትችዪ እንደሆነ ብዬ እንጂ።»

ጳጉሜን ሦስት ቀን የሩፋኤል ዕለት ነው። አምሳል ፈረቃዋን ከጓደኛዋ ጋር ለወጠች። ከቤት ሲወጡ መቋሚያውን ራሷ አምጥታ አባቷ እጅ ላይ አስቀመጠችው። የዕለቱን ኪኒን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ካፖርታቸውን ከጋቢው በላይ ደረበችላቸው፤ እሷ ደግሞ ትልቁን ጥቁር ጃንጥላ ያዘች። ሰማዩ ከብዷል። የሩፋኤል ዕለት ዝናብ እንደ ጠበል ነውና ሕፃናት ገና በጠዋቱ በየደጁ አንጋጠው ይጠብቁታል። አምሳል ግን ዳመናውን ባየች ቁጥር የሳንባ ምች ነበር የሚታያት።

ዳገቷ ላይ ሦስቴ ቆሙ። አባቷ ሲያርፉ ከሚያልፈው ሰው ሁሉ ጋር ሰላም ተባባሉ፤ «ጠፍተህ ከረምህ» የማይላቸው አልነበረም። አምሳል ሐሳቧ ሸኝታ፣ ከቅጥሩ ውጭ ሆና ልትጠብቅ ነበር። ቁርስ አልበላችም፤ ጭንቀቱ አላስበላትም። አባቷ ገብተው ከዓይኗ ሲሰወሩ ግን ከውጭ ሆኖ የመውደቅ ድምፅ ማዳመጡ እንደዚያው እንደ ቴሌፎኑ ሥራዋ ሆኖ ታያት። ጫማዋን አውልቃ ከሴቶቹ በኩል ገባች።

ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው። እንደ ፈራችውም የሚስል ሰው አለ። ከዓምዱ ጎን ቆማ በሰዉ ትከሻ መሐል አባቷን ፈለገች። ከእነአያ ሰጠኝ ጋር፣ መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ጊዜው እየሄደ ሲመጣ ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ አየች። አይቀመጡም። አምሳል ነጠላዋን ነከሰች።

ይህን ጊዜ አያ ሰጠኝ ወደ አባቷ ጆሮ ጠጋ አሉ። ያሉትን ኋላ ነው የሰማችው፦ «ጉልበቴ ገደለኝ፣ ብቻዬን ብቀመጥ ይስቁብኛል፣ እባክህ አብረኸኝ ተቀመጥ።» አያ ሰጠኝ ቁጭ አሉ። ከአጠገባቸው ያሉት ሁለቱ ሽማግሌዎችም ተራ በተራ ቁጭ አሉ። አያ አላምረው ግራ ቀኝ አዩና፣ ባልንጀራቸውን ላለማሳፈር ብለው፣ ተቀመጡ።

አምሳል ነጠላዋን ከጥርሷ አላቀቀች። ጀርባዋን ዓምዱ ላይ አሳረፈች። የካህናቱ ድምፅ ይሄዳል፣ የሕዝቡ ይመለሳል፣ በመሐሉ የአባቷን ጎርናና ድምፅ ለየችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ አታስታውስም። አላንቀላፋችም፤ ግን ልቧ እንደ ወትሮው አልደለቀም። ቅዳሴው አልቆ ሰዉ ሲንቀሳቀስ ነው አባቷን ማየት ማቆሟ ትዝ ያላት።

ጠበሉ በዋንጫ ሲታደል አባቷ ጠጡ። መምሬ ወልደኢየሱስ በዚያ ሲያልፉ ቆም አሉ። አምሳል የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታ ኪኒኑን አወጣችና ዓይናቸውን አየች።

«ሐኪሙ ከቅዳሴ በኋላ ይሆናል ብሏል፣ መምሬ። በየቀኑ በዚህ ሰዓት። ረጅሙን ጾም ግን ከልክሏል።»

«ደግ ብሏል። ለጾሙ ሲደርስ እኔ አለሁ» አሉ መምሬ። «በዚያው ያወራርዱት።»

አያ አላምረው ኪኒኑን ምላሳቸው ላይ አደረጉና በጠበሉ ዋጡት። ከዚያም ማንም ሳያዛቸው ወደ ልጃቸው ዞረው አፋቸውን ከፍተው አሳዩ። አያ ሰጠኝ «ጥርስስ ከድሮም የለህ» አሏቸው።

ከቅጥሩ ሲወጡ ዝናቡ ጀመረ። ጥሩ ዝናብ ነው፤ ነፋስ የለውም፤ ከዳመናው ጀርባ ፀሐይ ትታያለች። ሕፃናቱ ልብሳቸውን ጥለው እየጮኹ መንገዱን ሞሉት። እናቶች በሳፋና በማሰሮ ይቀበሉታል። አምሳል ጃንጥላውን ዘርግታ አባቷን በብብቷ ስር አስገባች።

አያ አላምረው ጥቂት እንደ ተራመዱ ቆሙ። እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው ከጃንጥላው ጠርዝ ውጭ ዘረጉት። ውሃው መዳፋቸው ላይ ይጠራቀማል።

«አምሳል» አሉ።

«አቤት።»

«ሩፋኤል እኮ ነው ዛሬ።»

አምሳል ሰማዩን አየች። ካፖርታቸውን አየች፣ ይበቃቸው እንደሆነ። የሳንባ ምቹ፣ ትኩሳቱ፣ ቃሬዛው ሁሉም ተራ በተራ መጡባት። ጃንጥላውን አጠፈችና ውሃውን አራግፋ ስትይዘው የመጀመሪያዋ ጠብታ ግንባሯ ላይ አረፈች።

«እስከዚያች ጥድ ድረስ ብቻ» አለች።